የሙቀት የዘር ሐረግ

ምድር ከውስጧ እንደምትሞቅ የሚጠራጠር የለም። ጉድጓድ አጥልቆ የቆፈረ ሁሉ ወደ ታች በወረደ መጠን ሙቀቱ እንደሚበረታ ያውቃል። በየአህጉሩና በየውቅያኖሱ ወለል በብዙ ሺህ ቦታዎች የተወሰደው ልኬት ሲደመርም፣ ከምድር ሆድ ወጥቶ ወደ ጠፈር የሚበተነው ሙቀት 47 ቴራዋት፣ ማለትም 47 ትሪሊዮን ዋት ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ቁጥሩ ሲጠሩት ያስደነግጣል፤ በምድር ገጽ ሲካፈል ግን ለአንድ ካሬ ሜትር የዋት አንድ አሥረኛ እንኳ አይደርስም፤ ፀሐይ ከምታወርደው ጋር ሲተያይ ኢምንት ነውና ማንም ከእግሩ ሥር መኖሩን ሳያስተውል ይኖራል። እንግዲህ «ምን ያህል?» ለሚለው መልስ አለን ማለት ይቻላል። እኔን የሚከነክነኝ ሌላው ጥያቄ ነው፤ «የመቼ?» የሚለው። ይህ ሙቀት ከ4.5 ቢሊዮን ዓመት በፊት ምድር ስትጠነሰስ እርስ በርስ ከተላተሙት አለቶች የተረፈ አሮጌ ሙቀት ነው? ወይስ በአለቱ ውስጥ የተበተኑት ዩራኒየም፣ ቶሪየምና ፖታሲየም ዛሬ፣ አሁን፣ ሲፈራርሱ የሚያመነጩት አዲስ ሙቀት? የአንድን ቤት ወጪ ብቻ ያየ ሰው ባለቤቱ ውርስ እየበላ ይሁን በገቢው እየኖረ ሊለይ አይችልም። ውርሱን የሚበላ አንድ ቀን መጨረሱ አይቀርም፤ ገቢ ያለው ገቢው እስካልነጠፈ ይዘልቃል፤ ከደጅ ሆነው ሲያዩአቸው ግን ሁለቱም ቤቶች ያው ናቸው። ምድርስ በየትኛው ነው የምትኖረው?

ጥያቄውን ከባድ ያደረገው ጥልቀቱ ብቻ አይደለም። ጥልቀቱማ ቀላል እንቅፋት አይደለም፤ የሰው ልጅ ቁልቁል ከሁሉ አርቆ የቆፈረው፣ በሰሜን ምዕራብ ሩሲያ በኮላ የሚገኘው ጉድጓድ 12,262 ሜትር ሲሆን፣ እስከ ምድር መሃል ያለው መንገድ 6,371 ኪሎ ሜትር ነው። ነገር ግን እስከ መሃል ወርደን ቴርሞሜትር ብናስቀምጥም ጥያቄው እንዳለ ይቆያል። ሙቀት የአተሞች ሥርዓት የለሽ መንቀጥቀጥ ነው። አተሙን ያንቀጠቀጠው ከሰማይ የወደቀ አለት ይሁን ከጎኑ የፈረሰ የዩራኒየም አስኳል፣ መንቀጥቀጡ አንድ ዓይነት ነው፤ ትናንት የተቀበለው ይሁን ከአራት ቢሊዮን ዓመት በፊት፣ በላዩ የሚቀር ማኅተም የለም። ሙቀት ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቀኝ፣ ምንጩን የረሳ ኃይል ነው ብዬ ብመልስ ከእውነቱ ብዙ የራቅሁ አይመስለኝም። በአፋር የኤርታሌን የቀለጠ ዐለት ከአፋፉ ቆሞ ያየ ሰው የምድርን ውስጥ በዓይኑ ያየ ይመስለዋል። ከዚያ ምድር ሥር ከማንትሉ፣ ማለትም ከቅርፊቱ በታች ካለው ግዙፍ የዐለት ድርብርብ፣ ከወትሮው የሞቀ ነገር ወደ ላይ እንደሚገፋ ይታወቃልና ግምቱ ሐሰት አይደለም። ሆኖም የቀለጠው ዐለት ስለ ትኩሳቱ እንጂ ስለ ትኩሳቱ ዕድሜ የሚነግረን የለውም። እሳቱን ማየትና እሳቱ ከየት እንደሆነ ማወቅ እንዲህ ይራራቃሉ።

ይህን መራራቅ የዘነጋ ሊቅ ምን እንደሚደርስበት ከሎርድ ኬልቪን ታሪክ መማር ይቻላል፤ ታሪኩ ግን ብዙውን ጊዜ በሚተረክበት መንገድ አይደለም። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ኬልቪን በ1862 ምድርን ገቢ እንደሌላት፣ ከውርሷ ብቻ እየቀነሰች እንደምትቀዘቅዝ ጠጣር አካል ቆጥሮ ዕድሜዋን ከ20 እስከ 400 ሚሊዮን ዓመት ገመተ፤ በኋላም ግምቱን ወደ ታችኛው ጫፍ አጠበበው። ከ1896 ጀምሮ ራዲዮአክቲቭነት ሲገለጥ፣ በ1903 ደግሞ ፒየር ኩሪና አልበር ላቦርድ ራዲየም ሳያቋርጥ ሙቀት እንደሚያመነጭ ሲያሳዩ፣ ነገሩ ያበቃ መሰለ፤ ኬልቪን የተሳሳተው ያልታወቀ ገቢ ስለነበረ ነው ተባለ። በ1904 የፊዚክስ ሊቁ ራዘርፎርድ ለንደን ውስጥ ይህንን ሲናገር ሽማግሌው ኬልቪን ከአድማጮቹ መካከል ተቀምጦ ነበር። ታሪኩ ያምራል፤ ማማሩም ነው የሚያጠራጥረኝ። ቀድሞ በ1895 የኬልቪን ረዳት የነበረው ጆን ፔሪ ስሕተቱ ሌላ ቦታ መሆኑን አመልክቶ ነበርና፤ የምድር ውስጥ እንደ ጠጣር ብቻ ሳይሆን በዝግታ እንደሚንቀሳቀስ ነገር ሙቀትን ከጥልቁ ወደ ላይ የሚያመላልስ ከሆነ፣ ራዲዮአክቲቭነት ባይኖር እንኳ የምድር ዕድሜ በቢሊዮን ሊቆጠር ይችላል። ዛሬ ስሌቱን የሚደግሙ ሰዎች ፍርዱን ለፔሪ ይሰጣሉ፤ በኬልቪን ጠጣር ምድር ላይ የራዲዮአክቲቭን ሙቀት ብቻ ብንጨምር የሚያገኘው ዕድሜ እምብዛም አይለወጥም። እንግዲህ ዓለም ትክክለኛውን መልስ፣ ምድር አሮጌ ናት የሚለውን፣ ትክክል ባልሆነ ምክንያት ለረጅም ጊዜ አምኗል። ገቢው በእርግጥ አለ፤ ግን የኬልቪንን ስሕተት ያረመው እርሱ አይደለም። የገቢው መኖር መጠኑን አያሳውቅም፤ መጠኑ ደግሞ ከሙቀቱ ሊነበብ አይችልም።

ታዲያ ሙቀት ምንጩን ከረሳ፣ ምንጩን የሚያስታውስ ሌላ ነገር ያስፈልጋል፤ ያ ነገርም ወደ ሙቀት ያልተለወጠ መሆን አለበት። የዩራኒየም አስኳል ደረጃ በደረጃ እየፈራረሰ እርሳስ እስኪሆን ድረስ ከሚለቀው ኃይል አብዛኛው በአካባቢው ዐለት ተውጦ ሙቀት ይሆናል፤ ትንሽ ክፍሉን ግን አንቲኒውትሪኖ የሚባሉ ቅንጣቶች ይዘውት ይሄዳሉ፤ ከአንድ የዩራኒየም 238 ሰንሰለት ስድስት፣ ከአንድ የቶሪየም 232 ሰንሰለት አራት። ከምድር ውስጥ የሚወጡትን ጂኦኒውትሪኖ እንላቸዋለን። ከማንትሉ ተነሥተው ሺህ ኪሎ ሜትሮችን አልፈው፣ ምንም ሳይነኩ፣ ምንም ሳይነካቸው ይወጣሉ። ነገሩ የሚገርመኝ እዚህ ላይ ነው። ሙቀትን የምናውቀው ሙቀት ለመሆን እምቢ ባለው ክፍል ነው። የፊዚክስ ሊቁ ቮልፍጋንግ ፓውሊ በ1930 ይህን ቅንጣት በሐሳቡ ሲፈጥረው በመፈራረስ ጊዜ የጎደለ የመሰለውን ኃይል ሒሳብ ለመሙላት ነበር፤ ማንም ሊይዘው የማይችል ነገር ማቅረቡም ራሱን አሳፍሮት ነበር። ራይንስና ኮዋን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1956 ከኒውክሌር ሪአክተር አጠገብ ያዙት። የፊዚክስ ሊቁ ጆርጅ ጋሞው ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1953፣ መሣሪያቸውን የሚረብሸው ድምፅ ከምድር ቅርፊት ዩራኒየምና ቶሪየም የመጣ እንዳይሆን ለራይንስ ጽፎለት ነበር። ግምቱ ለዚያ መሣሪያ አልሠራም፤ ምድር የራሷን ገቢ ልትመሰክር ትችላለች የሚለው ሐሳብ ግን ተዘራ።

የምስክርነት ነገር ሲነሣ ግን አንድ አስቸጋሪ ጉዳይ አለ። ምስክር ታማኝ የሚሆነው በመንገዱ ያገኘው ሁሉ ቃሉን ካላስለወጠው ነው፤ በዚህ መመዘኛ ከጂኦኒውትሪኖ የበለጠ ምስክር የለም። ግን ይኸው የማይነካ ባሕርዩ የእኛንም ጆሮ እንዳይነካ ያደርገዋል። በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ቆዳችን ላይ በየሴኮንዱ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ያልፋሉ። በጃፓን ካሚዮካ በተራራ ሥር በቀድሞ ማዕድን ማውጫ የተሠራው ካምላንድ የተባለው መሣሪያ፣ አንድ ሺህ ቶን ቅንጣት ሲነካው ብልጭ የሚል ዘይት መሰል ፈሳሽ ይዞ፣ ከ2002 እስከ 2020 የለየው 183 ገደማ ብቻ ነው። አንቲኒውትሪኖው ፕሮቶን ሲመታ መጀመሪያ አንድ ብልጭታ፣ ከዚያም የሴኮንድን አንድ አምስት ሺኛ በሚያህል አማካይ ቆይታ ሌላ ብልጭታ ይታያል፤ ጥንድ ካልሆነ አይቆጠርም። (ፊዚክስም እንደ አሮጌ ችሎት በአንድ ቃል አይፈርድም።) በ2005 የመጀመሪያው ወሬ ሲነገር ቆጠራው በዘጠና በመቶ እርግጠኝነት ከ4.5 እስከ 54.2 ባለው መካከል ነው ተባለ። እንዲህ ያለ ሰፊ ግምት ይዞ «ሰምተናል» ማለት ምን ማለት ነው? ቁጥሩ ዜሮ አለመሆኑን ከማመን በቀር ብዙም ያልያዘ ቃል ነበር። ሆኖም አንድ ነገር ከኖረና ካልኖረ መካከል ያለው ርቀት፣ ትንሽ ከሆነና ብዙ ከሆነ መካከል ካለው ይልቅ ይሰፋል፤ ስለዚህ ያንን ዜና እንደ ትልቅ ነገር የቆጠሩት አልተሳሳቱም።

ካምላንድ በመጀመሪያ የተሠራው ምድርን ለማድመጥ አልነበረም። በዙሪያው ከነበሩት የጃፓን ኒውክሌር ማመንጫዎች የሚወጡትን አንቲኒውትሪኖዎች ሊያጠና ነው፤ የምድር ድምፅ በዚያ ጊዜ ለዋናው ጥናት እንደ ረብሻ የሚቆጠር ነበር፣ ለምድር አድማጮች ደግሞ ረብሻው ማመንጫዎቹ ነበሩ። በመጋቢት 2011 ከደረሰው ርዕደ መሬትና የፉኩሺማ አደጋ በኋላ ማመንጫዎቹ ተራ በተራ ሲዘጉ መሣሪያው ከወትሮው ጠርቶ መስማት ጀመረ። ከዚያ ሁሉ ሰቆቃ የተገኘ ጥቅም ነው ብሎ መናገር ይቀፋል፤ እኔም አልለውም። ግን የሚያሳስበኝ ሌላ ጉዳይ አለ፤ ከጥልቁ የመጣው ድምፅ የጠራው ድምፁ ስለበረታ አይደለም፣ በአቅራቢያው ያሉት ስለተዉ ነው። የምድር ምስክርነት መጠን ከምድር ጋር ብቻ የሚቆራኝ አይደለም ማለት ነው፤ በጎረቤቷ ማን ምን ያህል መብራት እንደሚያመነጭም ይወሰናል።

ከዚህም ይልቅ የሚከብደው የጆሮው ወለል ነው። አንቲኒውትሪኖ ፕሮቶንን መትቶ ብልጭታ ለማስገኘት ቢያንስ 1.8 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ኃይል ያስፈልገዋል። ከዩራኒየም የሚወጡት እስከ 3.3 ሚሊዮን፣ ከቶሪየም የሚወጡት እስከ 2.25 ሚሊዮን ይደርሳሉና ጥቂቶቹ ወለሉን ያልፋሉ። ከፖታሲየም 40 የሚወጣው ግን ቢበዛ 1.3 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ አንዱም አያልፍም። ፖታሲየም በምድር ሙቀት ውስጥ ድርሻ እንዳለው ማንም አይክድም፤ ከሦስቱ ሁሉ ብዙውን ጂኦኒውትሪኖ የሚረጨውም እርሱ ነው። ብዙ የሚናገረው አልተሰማም፤ ጥቂት የሚናገሩት ተሰሙ። ስለ ፖታሲየም የሚጻፈው ቁጥር ሁሉ ከሌሎቹ ሁለት አንጻር ምን ያህል መኖር እንዳለበት ከዐለትና ከተወርዋሪ ኮከብ ስብርባሪ ጥናት የተወሰደ ግምት ነው። ስለዚህ «የምድር ራዲዮአክቲቭ ሙቀት ተለካ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሳነብ፣ ከተለካው ጎን ያልተለካ ነገር በዝምታ እንደተቀመጠ አስባለሁ። ነውር አይደለም፤ ያለ ግምት የሚሆን ልኬት አላውቅም። ነውር የሚሆነው ግምቱ የልኬትን ልብስ ለብሶ ሲወጣ ነው።

በተለካው ላይም ቢሆን መቀነስ አለ። ዩራኒየምና ቶሪየም በጥልቁ ዐለት ክሪስታል ውስጥ አልመች ብሏቸው ከቅላጩ ጋር ወደ ላይ የወጡ ንጥረ ነገሮች ናቸው፤ ስለዚህ ከመላው ምድር ጋር ሲተያይ ልጣጭ በሆነው የአህጉር ቅርፊት ውስጥ ተከማችተው ይገኛሉ። ካሚዮካ የሚሰማው ከሁሉ በፊት የጃፓንን ምድር ነው፤ ኢጣሊያ ውስጥ በግራን ሳሶ ተራራ ሥር የነበረው ሌላው መሣሪያ፣ ቦሬክሲኖም፣ የኢጣሊያን። ቅንጣቱ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ መሣሪያዎቹ መለየት አይችሉም። የማንትሉን ድርሻ የሚያገኙት ከጠቅላላው የቅርፊቱን ድርሻ ቀንሰው ነው፤ የቅርፊቱ ድርሻ ደግሞ ከዐለት ናሙና የተገመተ ነው። የተገኘውን ቆጠራ ወደ ቴራዋት ለመለወጥ ደግሞ ዩራኒየሙ በማንትሉ ውስጥ እኩል ተሰራጭቶ ነው ወይስ ከታች ከእምብርቱ አጠገብ ተደልድሎ ነው የሚለውን አስቀድሞ መወሰን ያሻል፤ አንዱ ቆጠራ እንደ ውሳኔው ለተለያየ ሙቀት ይመሰክራል። ቦሬክሲኖ ከ2007 መጨረሻ እስከ 2019 ባደረገው ክትትል 53 ገደማ ጂኦኒውትሪኖ ቆጥሮ፣ ፖታሲየምን በግምት ጨምሮ፣ የራዲዮአክቲቭ ሙቀቱን 38 ቴራዋት ገደማ አደረሰው፤ ማንትሉ ምንም አያሰማም የሚለውንም በ99 በመቶ እርግጠኝነት ጣለው። ካምላንድ በ2022 ለዩራኒየምና ለቶሪየም ብቻ 15 ቴራዋት ገደማ ሰጠ፤ ገቢውን 30 ቴራዋት አድርገው የሚገምቱትንም ወገኖች የማይደግፍ ሆነ። የሁለቱም የስሕተት ክልል ሰፊ ስለሆነ ተጣልተዋል ማለት አይቻልም። ተስማምተዋል የሚሉትንም ግን አላምናቸውም፤ ሁለት ሰዎች ለመለየት በማያስችል ርቀት ሆነው አንድ መስለው መታየታቸው መስማማት አይባልም። ለጊዜው በደፈናው መናገር የሚቻለው፣ ገቢው ከጠቅላላው ወጪ ግማሽ ዙሪያ መሆኑን፣ ወጪውን ሁሉ ይሸፍናል ብሎ መናገር ግን እንደሚያስቸግር ነው። ምድር ትቀዘቅዛለች፤ ውርስ ትበላለች።

ግን ቆም ብዬ «ውርስ» ያልኩት ምን እንደሆነ ስመረምር መሬቱ ይከዳኛል። ገቢውን ከወጪው ስንቀንስ የሚቀረው ምድር ስትፈጠር የነበራት ሙቀት ነው ብለን እንናገራለን። እውነት ነው? ማንትል ሙቀትን የሚያወጣው በዝግታ ነው። ከሦስት ቢሊዮን ዓመት በፊት በዩራኒየም መፈራረስ ተወልዶ እስከ ዛሬ ያልወጣ ሙቀት እዚያው አለ። ይህ ሙቀት ውርስ ነው ወይስ ገቢ? ከመፈራረስ ተገኝቷልና ገቢ ነበር፤ ዛሬ አይመነጭምና ከቀሪው ጋር ተደምሯል። በጥንት ጊዜ ደግሞ ገቢው ከዛሬው ብዙ እጥፍ ነበር፤ የዩራኒየም 238 ግማሽ የሚፈራርስበት ጊዜ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ስለሆነ ከነበረው ግማሹ ብቻ ተርፏል፤ ከፖታሲየም 40 የቀረው ከአሥር እጅ አንድ አይሞላም። ስለዚህ ልዩነቱ፣ ስናጤነው፣ በጥንታዊ ሙቀትና በራዲዮአክቲቭ ሙቀት መካከል አልነበረም፤ አሁን በሚመነጭና ቀድሞ በተጠራቀመ መካከል ነው። የተጠራቀመውን በአባት ስም መክፈል አይቻልም፤ ሙቀት ተቀላቅሏልና፣ ትዝታም የለውምና።

በዚያም ላይ ገቢ ያልነው ራሱ ውርስ ነው። ዩራኒየምና ቶሪየም ምድር ላይ አልተሠሩም፤ ፀሐይ ሳትኖር፣ በከዋክብት ጥፋት፣ ምናልባትም የኒውትሮን ኮከቦች ሲላተሙ ተሠሩ። አስኳሉ ዛሬ ሲፈርስ የሚለቀው ኃይል ያኔ የታጨቀበት ነው። ምድር ከአለቶች ግጭት የወሰደችው ሙቀት 4.5 ቢሊዮን ዓመቱ ነው፤ ከዩራኒየም ዛሬ የተቀበለችው አዲስ ሙቀት ግን ከእርሱም ከምድርም የሚበልጥ ዕድሜ ያለው ኃይል ነው። አዲስ የምንለው ታላቅ፣ አሮጌ የምንለው ታናሽ ሆኖ ይገኛል። እንግዲህ ሁለቱን የሚለየው ዕድሜያቸው ካልሆነ ምንድን ነው? አንዱ የተያዘበትን እስር እስኪፈታ ድረስ ሙቀት አልሆነም ነበር፤ ሌላው ወዲያው ሆነ። ልዩነቱ መቼ ተገኘ የሚለው አይደለም፣ መቼ ተረሳ የሚለው ነው። ኃይሉ በአስኳሉ ውስጥ እስካለ ድረስ ምንጩ አይጠፋም፤ ሙቀት የሆነ ዕለት ይጠፋል፤ ያንን ዕለት የሚመሰክረው ጂኦኒውትሪኖው ነው።

ይሁንና ምስክሩ የሚቆየው ለዚያች ዕለት ብቻ ነው። ከሦስት ቢሊዮን ዓመት በፊት የተወለደው ሙቀት ማንትሉ ውስጥ ሲቀር፣ አብሮት የተወለደው አንቲኒውትሪኖ በብርሃን ፍጥነት ገደማ ወጥቶ ሄዷል፤ አሁን ሦስት ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ርቀት ላይ ነው። ካሚዮካም ግራን ሳሶም የሰሙት የዛሬን ገቢ ብቻ ነው፤ ከግጭት የመጣው ሙቀት ደግሞ መጀመሪያውኑም ምንም ቅንጣት አልላከም። በ2025 በደቡብ ቻይና በጓንግዶንግ ሥራ የጀመረው፣ 20,000 ቶን ፈሳሽ የያዘው ጁኖ የተባለው መሣሪያ፣ ሌሎቹ በብዙ ዓመት ያልቆጠሩትን በአንድ ዓመት ይቆጥራል ተብሎ ይጠበቃል። ቅርፊቱ ስስ በሆነበት የውቅያኖስ ወለል ላይ መሣሪያ የማኖር ሐሳብም አለ፤ እዚያ የአህጉር ድምፅ ስለሚሳሳ ማንትሉ ከመቀነስ ይልቅ በቀጥታ ይሰማ ይሆናል። የዛሬው ገቢ የጥቂት ቴራዋት ስሕተት ብቻ ቀርቶት ይታወቅ ይሆናል። የተጠራቀመው ግን ያኔም ቢሆን የሚገኘው በመቀነስ ነው፤ ከግጭት የቀረውንና ከጥንት መፈራረስ የቀረውን ለይቶ የሚነግረን ቅንጣት አይኖርም።